ስልኩን አንሱት

ልጆች፣ ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ የቤት ውስጥ ማጠናቀቂያ ከምሠራበት ሳይት ድረስ መጥቶ «ጋሼ፣ ገበያው ሲናወጥ ደንበኛ እንዴት ነው የሚያዘው?» አለኝ። ቆሜ የመለስኩለት መልስ ለራሴም አላጠገበኝም። እስቲ አንድ ያበላሸሁትን ሥራ ልንገራችሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ሲኤምሲ አካባቢ የአንዲት እናት አፓርታማ እጄ ላይ ነበር። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ዕቃ የምወስድባቸው ነጋዴዎች «ዛሬ ዋጋ አልሰጥም» ማለት ጀመሩ። የሴትዮዋ ጂፕሰም አልቋል፤ ለኩሽና ካቢኔቱም ቀብድ ተከፍሏል። የወለሉ ፖርሴሊንና መብራቱ ግን አልተገዛም። ለምን? የከፈለችኝ ቅድመ ክፍያ ግማሹ የሌላ ሰው ቤት ማስጨረሻ ሆኖ ነበር። ይህን ብዙዎቻችን እናደርገዋለን። ገበያው ሲረጋጋ ማንም አይነቃብንም።

ዘጠኝ ቀን ስልኳን አላነሳሁም። «ዝምታ ወርቅ ነው» ያለው ሰው ሳይት ላይ ሠርቶ አያውቅም መሰለኝ። በአሥረኛው ቀን ራሷ መጣች። ባዶው ወለል ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች። ጥቁር ጫማዋ በጂፕሰም ዱቄት ነጥቷል።

«ዋጋ መጨመሩንማ ሬድዮው ነገረኝ። አንተ ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

ምን ልበላት? ልዩነቱን ከኪሴ ሞልቼ ጨረስኩላት። ቤቱን ወደደችው። ግን ሁለተኛ አልደወለችልኝም።

ከዚያ ወዲህ የአንዱን ደንበኛ ብር ከሌላው አላቀላቅልም። ገንዘቡ በገባ በሳምንቱ ዕቃው ይገዛል፣ ደረሰኙ በቴሌግራም ይላክለታል። ዋጋ ሲንቀሳቀስ በዚያው ቀን ደውዬ ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ። ደብተሩ ላይ የተገዛው፣ ያልተገዛውና ሊቀየር የሚችለው ለየብቻ ይጻፋል። አያት አካባቢ ከባልና ሚስት ጋር እንዲሁ ተቀምጠን ነበር። ከውጭ የሚመጣውን ፖርሴሊን ለሳሎኑ ብቻ አስቀረነው፤ መኝታ ቤቶቹ በአገር ውስጥ ሴራሚክ ሆኑ። ባልየው መጀመሪያ ፊቱን ቋጥሮ ነበር። ሚስትየው እርሳሱን ከእጄ ተቀብላ የኮርኒሱን የተደበቀ መብራት ራሷ ሰረዘችው። «እኔም አልወደድኩትም ነበር» አለች። በረካው ሳይደርስ ተስማማን።

ደንበኛ እንዳይሄድባችሁ ብላችሁ ግን በኪሳራ አትፈርሙ። መሀል ላይ ሥራ ጥሎ የጠፋ ባለሙያን ይቅር የሚል የለም።

ውጭ አገር ያለ ደንበኛ ካላችሁ ደግሞ ምንዛሪውን ከእናንተ ቀድሞ ያውቀዋል። ዶላሩ ብዙ ብር ስላወጣለት ብቻ ዋጋ አትቆልሉበት፤ ሳይቱን የምታይለት እህት አለችው፣ እሷም መርካቶን ታውቃለች። ሳይጠይቃችሁ ቪዲዮ ላኩለት። ጠማማ የተለጠፈውን ሴራሚክም አሳዩት፤ ካያችሁት እናንተ ቀድማችሁ ንገሩት።

ሥራ ጨርሶ ሲጠፋስ? በ2012 ኮሮና ሲገባ ሰው ቤቱን ዘጋብን። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን እንዳልጥል የድሮ ደንበኞቼ ጋር መደወል ጀመርኩ። ሥራ ለመለመን አልነበረም። «በሩ ይዘጋል? ቀለሙ አልተላጠም?» ነበር ጥያቄዬ። ሰው ቀኑን ሙሉ ቤቱ ሲውል ጉድለቱ ሁሉ ይታየዋል። አንዷ ልጆቿ የሚያጠኑበት ጠረጴዛ እንደሌላቸው ያን ጊዜ አስተዋለች። ልኬቱን የወሰደልኝ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ነው፤ እኔ በስልክ እያየሁ፣ እሱ ሜትሩን ግድግዳው ላይ እየዘረጋ። ሁለት ሴንቲ ስቶ ነበር፤ አናጢዬም አንዳንድ ቀን እንደዚያው ነው።

ደብተሩን ብቻ በእርሳስ ጻፉት። ዋጋው እስክትመለሱ ይቀየራል።