መልስ፦ በሆስፒታል ግቢ የሚደርቁ ችግኞች

ሐምሌ ላይ የተከላችኋቸው ወይራና ዝግባ በየቀኑ እየጠጡም ጥር ላይ ለምን እንደደረቁ ጠይቃችኋል። ምክንያቱ አጠጣጡ ነው። ትንሽ ትንሽ የሚፈስ ውሃ ላዩን ብቻ አርሶ ይተናል። ሥሩ ወደ ታች አይወርድም።

በሳምንት አንዴ፣ አመሻሽ ላይ፣ ለአንድ ችግኝ ግማሽ ጀሪካን፣ 10 ሊትር ገደማ፣ ቀስ አድርጋችሁ አጠጡ። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ሁለቴ ይሁን። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አይንካ፣ ያበሰብሰዋል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። እኔ በሠራሁበት ጤና ጣቢያ በረኪና ያለበት የልብስ ማጠቢያ ውሃ ችግኞቹ ሥር ይደፋ ነበር። ቅጠላቸው ከጫፉ እየተቃጠለ አለቁ፤ በጣም አዘንኩ። ፀሐይ ላይ ለሚውሉት አስታማሚዎች ጥላ ይሆናሉ ብለን ነበር የተከልናቸው። ስለዚህ ለጽዳት ሠራተኞቹም ለአስታማሚዎቹም ውሃውን የት እንደሚደፉ ዛሬውኑ አሳዩዋቸው።