የቡና ገለባ ወረቀት ይሆናል? ከጅማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ከሙዝ ግንድ በእጄ ወረቀት እንደምሠራ ከነገርኳችሁ ወዲህ ብዙ ጠይቃችሁኛል። አንድ በአንድ ልመልስ።

«ጅማ ላይ የቡና ገለባ ሞልቷል። ለምን በእሱ አልጀምርም?»

ወንድሜ፣ እኔም በእሱ ነበር የጀመርኩት። ጀንፈል ከሚፈለፈልበት ደጃፍ የተቆለለውን ሳይ የማያልቅ ጥሬ ዕቃ ያገኘሁ መሰለኝ። ግን ወረቀትን አጥብቆ የሚይዘው እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ረጅም ቃጫ ነው። የገለባው በጣም አጭር ስለሆነ ብቻውን ሲደርቅ ይፈረካከሳል። መሠረቱን የሙዝ ግንድ አድርገው። ገለባውን ፈጭተህ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ጨምርበት። ቡናማ ነጠብጣቡ በጣም ያምራል።

«የሙዝ ግንድ ወይስ እንሰት?»

ሙዝ። አንድ ግንድ የሚያፈራው አንዴ ነው፤ ከዚያ ተቆርጦ ይጣላል። የእንሰት ቃጫ የበለጠ ጠንካራ ነው። ግን ቆጮ የሚፍቁ እናቶች ለገመድ ይሸጡታል፣ ገቢያቸው ነው። እባካችሁ «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ በነጻ አትጠይቋቸው። ቁርጥራጩንም ቢሆን በገንዘብ ግዙ።

«አቀቃቀሉን በዝርዝር ንገሪን። አመድ ይበቃል?»

ለሙዝ ይበቃል፤ ጊዜ ግን ይወስዳል። ግንዱን በጣት ርዝመት ቆራርጣችሁ አድርቁ። የእንጨት አመድ በውሃ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉ፤ በዚያ ውሃ ቀቅሉት። በሁለት ጣት ስትስቡት ያለ ትግል ከተለያየ በስሏል። የሚያጣድፋችሁ ካለ ሳሙና ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ኮስቲክ ሶዳ አለ፤ ለ1 ኪሎ ደረቅ ቃጫ ከ150 እስከ 200 ግራም። ሶዳውን ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ በፍጹም አታፍስሱ። ይፈናጠራል። ጓንትና መነጽር አድርጉ። የአሉሚኒየም ድስት አትጠቀሙ፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል።

ከዚያ ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፣ በሙቀጫ ውቀጡት። በሰፊ ገንዳ ውሃ ውስጥ በትኑትና ወንፊት በተወጠረበት የእንጨት ፍሬም ጨልፉት። አቡጀዲ ላይ ገልብጡት፣ በሳንቃና በድንጋይ ተጫኑት። ሙቀጫው ላይ አትቸኩሉ። በደንብ ያልተወቀጠ ቃጫ ጎርበጥባጣ ወረቀት ነው የሚያወጣው።

«ክረምትስ?»

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አንድ ሐምሌ ሙሉ ሥራዬ ሻግቶብኛል። አሁን ክረምት ሲመጣ ቤት ውስጥ፣ ሳንቃ ላይ ለጥፌ ነው የማደርቀው። የምሠራውም ጥቂት ነው።

«እስክሪብቶ ሲነካው ቀለሙ ይሰፋል።»

ስታርች በቀጭኑ አፍልተሽ የደረቀውን ወረቀት በብሩሽ ቀቢው።

«ማን ይገዛኛል?»

ባዶ ወረቀት ብዙ ሰው አይገዛም። የሠርግ መጥሪያ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የስጦታ ቦርሳ አድርጋችሁ አቅርቡት። ቡና ቆልተው ለእንግዳ የሚሸጡ ሰዎችን አነጋግሩ። የጅማ ቡና በጅማ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲወጣ ማየት እኔን በጣም ያስደስተኛል።

«የተቀቀለበትን ውሃ የት ልድፋው?»

አዌቱ ወንዝ ውስጥ አይደለም! የአመዱን ውሃ በብዙ ውሃ አቅጥናችሁ ኮምፖስት ጉድጓድ ላይ አፍስሱት። የሶዳውን ግን አፈሩ ላይ አታፍስሱ፣ ጨው ይሆንበታል። እኔ ወደ አመድ የተመለስኩት በዚህ ምክንያት ነው።