«ሁሉም አለ» ያልኩት ቀን

ባለፈው ሳምንት ቱሪዝም የምትማር የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ለአገር የሚበጀው ቱሪስት ነው ኢንቨስተር?» አለችኝ። ለፈተና ብላ ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሐዋሳ ውስጥ ዕድሜዬን ሆቴል ቤት ስሠራ ኖሬ፣ ጥያቄዋ አንድ ሰውዬ አስታወሰኝ።

2008 ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሊመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። እኔ ሪሴፕሽን ላይ ነኝ። ሸምገል ያለ ፈረንጅ መጣ። ባርኔጣ፣ ካሜራ፣ አቧራ የጠጣ ጫማ። ቱሪስት ነው ብዬ በማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወሰድኩት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ የሚያጸዱትን ልጆች ከበው የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። ፎቶ አነሳ፣ የዓሣ ሾርባ ጠጣን፣ ሚጥሚጣው አስለቀሰው። ከዚያ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አወጣ። ስለ ዓሣ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። «ከገጠር ለሥራ የመጣች ልጅ እዚህ አንድ ክፍል በስንት ትከራያለች? ውኃስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» አለኝ።

እኔ ራሴ ያኔ ተከራይ ነበርኩ። አከራዬ ፓርክ ሊከፈት ነው በሚል ወሬ ብቻ ኪራይ ጨምራብኛለች። ውኃ ሲመጣ ሌሊት ተነስተን ጄሪካን እንሞላ ነበር። ታዲያ ምን ብለው ጥሩ ነው? «ችግር የለም፣ ሁሉም አለ፣ ሐዋሳ ርካሽ ናት።» እንግዳ ፊት የቤትን ገመና ማውጣት ነውር መስሎኝ ነው። ሰውዬው ያልኩትን ቃል በቃል ጻፈው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ አሁንም ይታየኛል።

በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ለካ ልብስ ፋብሪካ ለሚከፍቱ ሰዎች ቦታ የሚያጠና ባለሙያ ኖሯል። በዳቶ ሰፈር በኩል አብረን ሄድን። ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ አራትም አምስትም ሆነው ይኖራሉ። አንዷ ለጠዋት ሺፍት ከፍራሹ ስትነሳ ከሌሊት የገባችው ትተኛበታለች። ኪራይና ምግብ ተከፍሎ ከደመወዙ የሚተርፍ ነገር ስለሌለ ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ጥለው ወደ ቤተሰብ ይመለሱ ነበር። ሰውዬው አልተቆጣኝም። «አንተን አምኜ ነበር» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያ ሁሉ በእኔ አንድ ቃል እንዳልመጣ አውቃለሁ። ግን እውነቱን ብነግረው ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ስለ መኖሪያ አስቀድሞ ያስብ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ቱሪስቱንና ኢንቨስተሩን አትነጣጥያቸው። በ2012ቱ የኢንቨስትመንት ሕግ የውጭ ሰው ብቻውን ለመሥራት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር ይዞ መምጣት አለበት። ያን ገንዘብ ከማምጣቱ በፊት ግን የሚመጣው እንደ እንግዳ ነው። አልጋው፣ ጀልባው፣ የባጃጁ ሒሳብ ሁሉ ጥናቱ ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው ሲከፈት ደግሞ ሆቴሉን የሚሞላው እሱ ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ክፍሎቻችንን የሚይዙት መሐንዲሶችና ጥራት ተቆጣጣሪዎች ነበሩ።

2014 ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ይህ ሁሉ ተናጋ። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፓርኩን ለቆ ሄደ፣ የእኛም ኮሪደር ጭር አለ። ያቆመን ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የራሳችን ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ ላይ ብቻ ቤት አይሠራም እላለሁ። የፈረንጅ ቋንቋ ተማሪ ብዬ ስጨቀጭቅሽም ያው እኔው ነኝ፣ ሁለቱንም የምለው ከልቤ ነው።

እናንተ የዛሬ ልጆች የምታበሳጩኝ አንድ ነገር አለ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ጀምበር ስትጠልቅ ቲክቶክ ትቀርጻላችሁ፣ ከጀርባችሁ መረብ የሚጠግነውን ሰው ግን ቀኑ እንዴት እንደዋለለት አትጠይቁትም። እርግጥ ያን የአዲስ አበባ ሰው የጠራልን ይኸው ቪዲዮ ነው፣ ይህንን አልክድም።

ቅዳሜ ፈተናሽን ስትጨርሺ ደብተር ይዘሽ ነይ። ከዳቶ ጀምረን እስከ አቶቴ በእግራችን እንሄዳለን። አንድ ክፍል በስንት እንደሚከራይ፣ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ እየጠየቅሽ ትጽፊያለሽ።