«ራይት ዩ አፕ» ስትባሉ ታንክ ዩ ብላችሁ አትፈርሙ

ሰላም ናችሁ የሀገሬ ልጆች፣ በተለይ አሜሪካ ከገባችሁ ገና አንድ ሁለት አመት የሆናችሁ። እኔ ሜሪላንድ 16 አመቴ ነው፣ ስመጣ ማትሪክ ያለፍኩ ልጅ ነኝ እንግሊዝኛማ እችላለሁ ብዬ ነበር። አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ስራ በጀመርኩ በሶስተኛው ሳምንት ሱፐርቫይዘሯ ቢሮ ጠርታኝ «አይ ሃቭ ቱ ራይት ዩ አፕ» አለችኝ። ራይት መጻፍ ነው፣ አፕ ወደ ላይ ነው፣ ስሜን ለበላይ ልታስተላልፍልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወረቀቱን ፈርሜ በሁለት እጄ አቀበልኳት፣ ታንክ ዩ ሶ መች አልኳት።

ራይት አፕ ማለት ለካ የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ይሄን ያወቅኩት ሁለተኛውን ከፈረምኩ በኋላ አብራኝ የምትሰራ ጋናዊት ነግራኝ ነው። በጣም የቆጨኝ ደግሞ የመጀመሪያው ላይ አርፍዳለች ተብሎ የተጻፈው ውሸት ነበር፣ በሰአቴ ገብቼ ካርድ መምቻው ማሽን አልቀበል ብሎኝ ነው፣ ቃሉ ቢገባኝ ኖሮ እዛው አስረዳ ነበር። እና እባካችሁ ያልገባችሁን ነገር እሺ አትበሉ። እኛ እሺ የምንለው በአክብሮት ነው፣ እነሱ ግን ተስማማች ብለው ነው የሚወስዱት። «ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?» ምን ለማለት ነው ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም። ወረቀት ሲሰጧችሁ መጀመሪያ ላንብበው በሉ፣ የማትስማሙ ከሆነ ፊርማችሁ አጠገብ አልስማማም ብላችሁ ጻፉበትና ኮፒ ተቀበሉ።

ሌላው «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» ነው። ቃል በቃል ካያችሁት ልንለቅሽ ነው፣ ዛሬ በጊዜ ሂጂ የሚሉ ይመስላል፣ እውነቱ ግን ከስራ ተሰናብተሻል ነው። ሲነገር በለሆሳስ ስለሆነ በፈገግታ የሚወጣ ሰው አይቻለሁ። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለባችሁ ላይድ ኦፍ ነው ፋየርድ (በጥፋት መባረር) ነው የሚለውን ነው። ላይድ ኦፍ ከሆነ ስራ ቀንሶ ነው እንጂ ጥፋት የለባችሁም ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አንኢምፕሎይመንት የሚባለው የስራ አጥ ክፍያ ይከፈላችኋል። በራሳችሁ ፈቃድ ለቃችሁ ከሆነ ግን በአብዛኛው አይከፈልም፣ ስለዚህ እያባረሯችሁ ሪዛይን አድርጌያለሁ የሚል ወረቀት ቢያቀርቡላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ።

ኮል ኢን እና ኮል አውትም ያደናግራል። ታምሜ ልቀር ነው ብሎ መደወል ኮል ኢን ሲክም ይባላል ኮል አውትም ይባላል፣ ኢን እና አውት ተቃራኒ ሆነው ትርጉማቸው አንድ ነው። ደግሞ አንዷ «ዴይ ኮልድ ሚ ኢን» ካለች በእረፍት ቀኗ ግቢ ተብላለች ማለት ነው። ሳትደውሉ ከቀራችሁ ኖ ኮል ኖ ሾው ይባላል፣ ብዙ ቦታ በሱ ብቻ ያባርራሉ።

ምግብ ሲያቀርቡላችሁ «አይም ጉድ» ካላችሁ ደህና ነኝ ሳይሆን አልፈልግም ነው የሚሆነው፣ እነሱ ደግሞ እንደኛ አፈር ስሆን ብለው አይለምኑም፣ አንዴ ጠይቀው ያነሱታል። «ማይ ባድ» ለስራ ባልደረባ ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ነው። መኪና ከተጋጫችሁ ግን አደራ እንዳትሏት! ሶሪም ቢሆን ተጠንቀቁ፣ እኛ እኔን ለማለት ስንፈልግ ነው ሶሪ የምንለው፣ ያኛው ወገን ግን ጥፋቷን አምናለች ብሎ ለኢንሹራንሱ ሊናገርባችሁ ይችላል።

ቤዝቦል ደግሞ ባትወዱትም አንድ ሁለት ጨዋታ እዩ፣ ብዙ አባባሎቻቸው ከዛ ነው የወጡት። ቦልፓርክ የቤዝቦል ሜዳ ነው፣ መካኒኩ «ቦልፓርክ 600 ዶላር» ካላችሁ ግን በግምት ማለቱ ነው፣ 800ም ሊሆን ይችላል፣ ቁርጡን በጽሁፍ አምጣ በሉት። ቡና እንጠጣ ብላችሁ ጋብዛችሁ «ሬይን ቼክ» ካሏችሁ ስለ ዝናብ አይደለም፣ ድሮ ጨዋታ በዝናብ ሲቋረጥ ለሌላ ቀን የሚሰጥ ትኬት ነበር፣ ዛሬ አይመቸኝም ሌላ ቀን ይሁን ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሀኪም ቤቱን ቋንቋ እወቁ። ስሮው አፕ ማስመለስ ነው፣ ናምበር ቱ ሰገራ ነው፣ ፒንስ ኤንድ ኒድልስ እንደ መደንዘዝ ሆኖ ውርር ሲያደርጋችሁ ነው። ሀኪሙ ፊት ልጃችሁን አታስተርጉሙ፣ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ዲሲ ውስጥማ በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የቋንቋ ህግ አማርኛ ከዋናዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ» በሉ፣ በስልክም ቢሆን ያገናኟችኋል።

እኛ ህንጻ ላይ የምትኖር አንዲት እህት እናቷን የአረጋውያን መዋያ አድርሳ ስራ እንደገባች ተደውሎ «ዩር ማም ፓስድ አውት» ተባለች። ፓስ አዌይ፣ ሞተች ማለት ነው የመሰላት፣ ስልኩን ወርውራ እዬዬ አለች፣ እኛም ነጠላችንን አዘቅዝቀን ቤቷ ተሰበሰብን፣ አዲስ አበባ መርዶ ደርሶ ለቅሶ ተቀምጠዋል። ፓስ አውት እኮ ራስን መሳት ነው። እማማ ጾመው ስኳራቸው ወርዶ ነበር፣ ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰጥቷቸው ከሰአት ላይ ደወሉና ለምን አልመጣሽም፣ ብቻዬን ነኝ እኮ አሏት። እንደዚህ ያለ ስልክ ሲመጣባችሁ ምንም ቢያስደነግጣችሁ ሳትዘጉት «ኢዝ ሺ አላይቭ? ዊች ሆስፒታል?» በህይወት አለች ወይ፣ የትኛው ሆስፒታል ነው በሉና ጠይቁ።