ከመመዝገብሽ በፊት ፈቃዱን አንብቢ

እህቴ፣ 12ኛ ክፍል ጨርሰሽ አካውንቲንግ በግል ኮሌጅ ልትማሪ እንደሆነና ሁለት ኮሌጅ አይተሽ ለመምረጥ እንደተቸገርሽ ጽፈሻል። እንኳን ሳትከፍዪ ጠየቅሽ።

መጀመሪያ የዕውቅና ፈቃዱን አሳዩኝ በይ። አትፈሪ፣ መብትሽ ነው። ፈቃድ ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፤ ለየካምፓሱና ለየትምህርት ዘርፉ ነው። አንዲት ጓደኛዬ ይህን ሳታውቅ ተመዘገበች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረቀት እውነተኛ ነበር፤ ግን የሌላ ቅርንጫፍ ነው። የሁለት ዓመት ልፋቷን ውሃ በላው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ የካምፓሱን ስም፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ መደበኛ ወይም ማታ መሆኑንና የሚያበቃበትን ቀን በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ። ከዚያ ፈቃዱን የሚሰጠውን ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጠይቀሽ አረጋግጪ።

ሌላው በትምህርትሽ መጨረሻ የምትወስጂው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ካላለፍሽ ዲግሪው የለም። ስለዚህ ሬጅስትራሩን “ባለፈው ዙር ከአካውንቲንግ ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?” ብለሽ በግልጽ ጠይቂ። ከተድበሰበሰ እኔ ብሆን ሌላ ቦታ እሄዳለሁ። በር ላይም ቆመሽ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን አነጋግሪ። መምህር በሰዓቱ ይገባል? ክፍያስ በየሴሚስተሩ ይጨምራል?

ከገባሽ በኋላ የአንደኛ ዓመት ደብተርሽን እንኳ አትጣይ፤ ለመውጫ ፈተና ትመለሺበታለሽ። ክረምት ላይ ደግሞ ትንሽ ሱቅም ብትሆን ደረሰኝና መዝገብ የምትነኪበት ቦታ ፈልጊ።

ፈቃዱ ላይ ግራ የሚያጋባሽ ነገር ካለ እዚሁ ጻፊው፣ አብረን እናየዋለን።