ዜጋ ሳትሆኚ መምረጥ ትችያለሽ፣ ደግሞም ይጠቅማል

እህቴ፣ «በ2024 እጩዎች በሬን ሲያንኳኩ ዜጋ አይደለሁም ብዬ መለስኳቸው፤ ለመሆኑ ወርክ ፐርሚት ላይ ያለ ሰው መምረጥ ይችላል? ቢችልስ ምን ይፈይድለታል?» ላልሽው፣ እኔም እንዳንቺ አየርላንድ ውስጥ በሌትሪም ካውንቲ ገጠር ስለምኖር የማውቀውን ልንገርሽ።

አዎ፣ ትችያለሽ። ለካውንቲ ካውንስል፣ ማለትም ለአካባቢው ምክር ቤት፣ ምርጫ 18 ዓመት መሙላትና እዚሁ ነዋሪ መሆን ይበቃል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ሰው እንኳ ይመርጣል። ለፓርላማ ግን የአየርላንድ ወይም የብሪታንያ ዜግነት ያስፈልጋል፣ ለፕሬዚዳንት ደግሞ የአየርላንድ ብቻ። ሰው የሚምታታበት እዚህ ላይ ነው፤ የአገሬው ሰው ራሱ «አንቺ አትመርጪም» ቢልሽ አትስሚው።

ወደ ጥቅሙ ልምጣ። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ ሌትሪም 35,199 ሰው ነው ያላት። ካውንቲው በሦስት የምርጫ አካባቢ ተከፍሎ ከእያንዳንዱ 6፣ በድምሩ 18 ካውንስለር (የምክር ቤቱ አባል) ይመረጣል። ወረቀቱ ላይ ምልክት አታደርጊም፣ የምትፈልጊውን 1፣ ቀጣዩን 2፣ ከዚያ 3 እያልሽ ትቀጥያለሽ። አንደኛሽ ከወደቀ ድምፅሽ ወደ ሁለተኛሽ ይተላለፋል። የመጨረሻዋ ወንበር ብዙ ጊዜ በዚህ ዝውውር ስለምትወሰን 1 ብለሽ ብቻ አትውጪ።

የድምፅ ቆጠራውን አንዴ ሄደሽ ብታዪው ደስ ይልሻል። ሳጥኑ ሲከፈት የእጩዎቹ ሰዎች አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ እርሳስ ይዘው፣ እያንዳንዱ ወረቀት ሲገለበጥ ማን 1 እንዳገኘ ጭረት ጭረት ያደርጋሉ። ይህንን የሚያደርጉት በየሳጥኑ ነው። ያንቺን ስም አያውቁም፣ ግን ያንቺ መንደር ስንት ድምፅ እንደሰጣቸው ያውቁታል። እኔ እንደማየው ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ድምፅ የማይወጣበት መንደር ጉዳይ ማንንም አያስቸኩልም።

እጩዎቹ ሲመጡልሽ ደግሞ የሚችሉትን ጠይቂያቸው። ቪዛ በእጃቸው አይደለም። የካውንስል ቤትም የሚሰጡት ሠራተኞቹ ናቸው፣ ስለዚህ «ቤት አሰጥሻለሁ» የሚል ካውንስለር ጉራውን ነው። በጀት፣ የካውንቲው የልማት ዕቅድና የንብረት ግብሩ ከፍ ዝቅ ማለት ግን የእነሱ ድምፅ ነው። የመንገድ መብራት፣ የእግረኛ መንገድ፣ የተቦረቦረ አስፋልት ላይም መሥሪያ ቤቱን መወትወት ይችላሉ።

ቤትሽ ዋናውን መንገድ ለቆ በሚገባ የግል መንገድ ዳር ከሆነ፣ እሱን ካውንስሉ አይጠግነውም። ለእንዲህ ያለው የሚሆን ድጎማ አለ፣ ቤቶቹ 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆኑ ነዋሪው የወጪውን 10 በመቶ ያዋጣል፣ ከዚያ በላይ ከሆኑ 15። ገንዘቡ ቀላል ነው፣ ጎረቤት ማስማማቱ ነው ጭንቁ! አንዱ አኩርፎ እምቢ ካለ ነገሩ ሁሉ ይቆማል። ለዚህ ነው መንደሩን ለማስዋብ በሚሰበሰበው ኮሚቴ ውስጥ እንድትገቢ የምመክርሽ፣ እድር ላደገበት ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ አበባ እየተከልሽ ከሁሉም ጋር ትተዋወቂያለሽ።

ምዝገባው በኦንላይን ነው፤ ፒፒኤስ ቁጥርሽን (መንግሥት የሚሰጥሽን የግል መለያ ቁጥር)፣ የልደት ቀንሽንና ኤየርኮድሽን (የቤትሽን የፖስታ ኮድ) ያዢ። ቤት ከቀየርሽ አድራሻሽን አስተካክዪ፣ ምርጫው ሊደርስ ሲል ምዝገባው ይዘጋል። ቀጣዩ በ2029 ነው። እስከዚያ ድረስ ሐሳብሽ ከተቀየረ ደግሞ፣ ለመወዳደርም ዜግነት አይጠየቅም።