የጁዲ ግራን ግጥምና አስተዳደጓ

የአሜሪካዊቷ ገጣሚ የጁዲ ግራን የሠራተኛ መደብ አስተዳደግ ግጥሟ ውስጥ የቱ ጋ እንደሚታይ ጠፍቶብኛል ላልሽው፦ ከልጅነት ታሪኳ ሳይሆን ከሥራው ጀምሪ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከጻፈቻቸው ሰባት የ«ተራ ሴት» ግጥሞች ውስጥ አስተናጋጇን ኤላን ውሰጂ።

1. ሽርጡን፣ ቲፑን፣ ባንኮኒውን አስምሪባቸው። ግራን የምግብ አብሳይ ልጅ ናት፤ የጉልበት ሥራን ከሩቅ አላየችውም።

2. መዝጊያውን ስንኝ ደጋግመሽ አንብቢ። ተራ ሴት ከመርዛማ እባብ ጋር ትነጻጸራለች፤ «ተራ» የሚለው ማናናቂያ ኃይል የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። እጅግ ድንቅ ነው!

ስለ ግራን ግንኙነቶች፦ ሴት አፍቃሪ በመሆኗ ከአሜሪካ አየር ኃይል ተባርራለች። በኋላ ከሠዓሊዋ ዌንዲ ካደን ጋር ኦክላንድ (ካሊፎርኒያ) ውስጥ የሴቶች ማተሚያ ስላቋቋመች፣ ግጥሟ የአርታኢ ደጅ መጥናት አላስፈለገውም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ኤላን ራሷ ገጣሚዋ አታድርጊያት። ሰባቱም የተለያዩ ሴቶች ምስል ናቸው፤ እዚህ ላይ መሳሳት ቀላል ነው።